የጣት ኦክስጅን መለኪያዋ ጥሩ ዕቃ ናት፣ ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ታጋንናለች

ይህቺን ጣት ላይ የምትቆነጠጥ የኦክስጅን መለኪያ ቤት ውስጥ መጠቀም ከጀመርን ቆይተናል። ሐኪሞቹ ፐልስ ኦክሲሜትር ይሏታል፣ ነርሶቹ ደግሞ በአጭሩ «ሳቹሬሽን እንየው» ብለው ይመጣሉ። ኢንተርኔት ላይ ስለሷ የተጻፉ አስተያየቶችን ስታነቡ አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ ባትሪዋ፣ ስለ ስክሪኗና ቶሎ ስለመድረሷ ነው። እኔም ትንሽ እላለሁ። ዋናው ጉዳዬ ግን ሌላ ነው። ይህች ዕቃ ቆዳው ጠቆር ያለ ሰው ጣት ላይ ስትገባ፣ በተለይ ሰውየው የምር ኦክስጅን ባነሰው ሰዓት፣ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር የማሳየት ዝንባሌ አላት። ይህን ሳያውቁ የሚጠቀሙባት ጥቁር ሰዎች ቁጥር ቀላል አይደለም። ሐኪሞች ሆነውም ይህን የማያውቁ አሉ። ስለዚህ ግዙ ወይም አትግዙ ከማለቴ በፊት ነገሩን ላስረዳ።

ዕቃዋን እንያት እንግዲህ። ቀላል ናት፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች። ሁለት ትንንሽ ባትሪ ትወስዳለች፤ ጣት ሲወጣ ራሷ ስለምትጠፋ ባትሪው ቶሎ አያልቅም። ስክሪኗ ደማቅ ነው፣ ሌሊት መብራት ሳይበራ ይነበባል። ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ይወጣሉ፣ አንዱ የኦክስጅን መጠን በመቶኛ፣ ሌላው የልብ ምት በደቂቃ። ከጎን ከምቱ ጋር ከፍ ዝቅ የምትል ዘንግ አለች። የእኛዋ ሦስተኛ ቁጥርም ታሳያለች፣ ጣት ላይ ያለው የደም ዝውውር ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የሚናገር። ብዙ ሰው ያቺን ቁጥር ዞር ብሎ አያያትም። እኔ ግን እወዳታለሁ፤ በጣም ዝቅ ካለች የኦክስጅኑን ንባብ ለማመን መቸኮል እንደሌለብኝ ትነግረኛለች። የባትሪዋ ክዳን ደካማ ነው። ስፕሪንጓ ግን እስካሁን አልላላም፣ ውስጧ ያለው ጎማም ለስላሳ ስለሆነ ጣት አያምም። ለሕፃን ጣት አትሆንም፣ ለነሱ የተለየ አለ።

አብሯት የሚመጣው መመሪያ ላይ ግን ልቆይ። በትንንሽ ፊደል የታተመ እጥፍጥፍ ወረቀት ነው። ከ70 እስከ 100 በመቶ ባለው ክልል ትክክለኛነቷ ሲደመር ሲቀነስ 2 በመቶ ነው ይላል። ከ70 በታች ዋስትና አልሰጠም። ቀጥሎ ንባቡን የሚያበላሹ ነገሮችን ይዘረዝራል፦ የጥፍር ቀለም፣ የቀዘቀዘ እጅ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ኃይለኛ ብርሃን። ሰው ሠራሽ ጥፍርም ተጠቅሷል። ስለ ቆዳ ቀለም አንዲት ቃል የለም። ወረቀቱን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላብጬ ነው ያነበብኩት። የጥፍር ቀለም ብርሃን እንደሚያግድ ያስታወሰ ሰው የቆዳ ቀለም እንዴት ሳይታየው ቀረ? ይህ ነው ያናደደኝ።

ያቺ «2 በመቶ» የምትለዋ ነገርም ብዙ ሰው ታሳስታለች። 90 ካለች እውነተኛው ከ88 እስከ 92 ነው ብለን እናስባለን። እንደዚያ አይደለም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ የሚባለው፣ ራሱ ፈትሾ ያሳለፈው መሣሪያ እንኳ 90 ሲል እውነተኛው መጠን በአብዛኛው ከ86 እስከ 94 ባለው ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል። ያውም በአብዛኛው የሚፈተሹት ሆስፒታል ውስጥ ያሉት በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡት ናቸው። እኔና እናንተ በኢንተርኔት የምንገዛቸው፣ ስልክና ሰዓት ላይ ያሉትም ብዙዎቹ፣ ለስፖርትና ለአጠቃላይ ጤንነት ተብለው ስለሚሸጡ በዚያ ፍተሻ አያልፉም።

አሠራሯን ማወቅ ይጠቅማል፣ ከባድም አይደለም። ከአንዱ ጎኗ ሁለት ብርሃን ይወጣል። አንዱ የሚታየው ቀይ ነው፣ የሞገድ ርዝመቱ 660 ናኖሜትር አካባቢ። ሌላው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው፣ 940 ናኖሜትር አካባቢ። ሁለቱም ጣትን ዘልቀው ወዲያ ማዶ ያለው ተቀባይ ጋ ይደርሳሉ። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን፣ ኦክስጅን ሲሸከም ኢንፍራሬዱን አብልጦ ይውጣል፣ ኦክስጅኑን ያራገፈው ደግሞ ቀዩን። ልብ በመታ ቁጥር አዲስ ደም ወደ ጣት ስለሚገባ የሚያልፈው ብርሃን በጥቂቱ ይለዋወጣል፤ መሣሪያዋም ከምቱ ጋር የሚለዋወጠውን ክፍል ብቻ ለይታ ቀዩን ከኢንፍራሬዱ ጋር ታነጻጽራለች። ሥጋው፣ አጥንቱ፣ ቆዳው ከምት ጋር ስለማይለዋወጥ ከሂሳቡ ይወጣል ነው ሐሳቡ። ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም፣ ሜላኒንም፣ አብሮ ይወጣል ተብሎ ነበር። በወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ሜላኒን ራሱ ብርሃን ይውጣል፣ ቀዩን ከኢንፍራሬዱ የበለጠ። ወፍራም መጋረጃ ባለበት መስኮት በኩል የውጪውን መብራት ቀለም ለመለየት እንደመሞከር ነው፤ የምታዩት ነገር አለ፣ ግን የመጋረጃው ቀለም ተቀላቅሎበታል።

ሌላ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። ያ ንጽጽር ብቻውን መቶኛ አይሰጥም። ወደ መቶኛ የሚቀይረው ሰንጠረዥ ነው፣ ሰንጠረዡ ደግሞ የተሠራው ሰው ላይ ተሞክሮ ነው። ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ኦክስጅኑ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ የሚሄድ አየር ይተነፍሳሉ፣ በየደረጃው ከደም ቅዳቸው ደም ይወሰድና በላቦራቶሪ ይለካል፣ ከመሣሪያዋ ንባብ ጋር ይጻፋል። ሰውን ከ70 በመቶ በታች ማውረድ አደጋ ስለሆነ እዚያ ላይ ይቆማል፤ የመመሪያው ወረቀት ከ70 በታች ዝም ያለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ጣታችሁን ስታስገቡ መሣሪያዋ የምትለው «ይህ ዓይነት ብርሃን በእነዚያ ሰዎች ጣት ላይ ሲታይ ደማቸው ስንት ነበር» ነው። እነዚያ ሰዎች እነማን ነበሩ? ኤፍዲኤ በ2013 ባወጣው መመሪያ ቢያንስ 10 ሰው ይበቃ ነበር፣ ከነሱም ቢያንስ 2ቱ ወይም 15 በመቶው፣ ከሁለቱ የሚበዛው፣ ቆዳቸው የጠቆረ እንዲሆን ነበር የሚጠየቀው። አስቡት። ሁለት ሰው። በዓለም ያለውን ቆዳው የጠቆረ ሰው ሁሉ ሁለት ሰው ወክሎታል። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ችግሩ አዲስ ግኝት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልናደድም ነበር። የዚህችን መሣሪያ መሠረት የጣለው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ ነው። ሌላ ነገር ሲለካ የልብ ምት እየገባ ሥራውን ያበላሽበት ነበር፤ ያንን የሚረብሸውን ምት ራሱን ለመለኪያነት ተጠቀመበት፣ በ1974ም ሐሳቡን አቀረበ። ለዚህ ሰው ትልቅ አክብሮት አለኝ፣ ማደንዘዣ ወስዶ ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ሁሉ ባለዕዳው ነው። በ1970ዎቹ ሂውሌት ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ ጆሮ ላይ የምትደረግ፣ በ8 የብርሃን ዓይነት የምትለካ መሣሪያ ነበረችው። ትልቅና የማትመች ነበረች፣ ግን በተለያየ የቆዳ ቀለም እንድትሠራ ታስቦባት ነበር። በሁለት ብርሃን የምትሠራዋ ቀላል ነበረችና ገበያውን ያዘች።

በ1990 ጁብራንና ቶቢን የተባሉ ሐኪሞች በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያሉ ታካሚዎችን ሲመረምሩ ነጭ ታካሚዎች ላይ 92 ማለት በቂ ኦክስጅን ማለት ሆኖ አገኙት፣ ጥቁር ታካሚዎች ላይ ግን ያንኑ እርግጠኝነት ለማግኘት 95 ያስፈልግ ነበር። በ2005 ሳን ፍራንሲስኮ ያሉ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎች ላይ ሞከሩት፤ ኦክስጅኑ ዝቅ ባለ ቁጥር ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ማጋነኑ እየባሰ ሄደ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ጤነኛ ሆነን 98 ስንል ልዩነቱ ምንም አይደለም። ልዩነቱ የሚሰፋው በጣም በምንፈልጋት ሰዓት ነው። ይህ ሁሉ ታትሞ ወጥቷል። ፋብሪካዎቹ መሸጣቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። ሰው ሁሉ ይህቺን ዕቃ መሻማት ጀመረ፣ ምክንያቱም በሽታው ሰውየው ብዙም ሳይጨነቅ ኦክስጅኑን ያወርደው ነበር። ኤሚ ሞራን-ቶማስ የተባለች ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር አንትሮፖሎጂስት ባሏ ሲታመም አንዷን ገዝታ አሠራሯን ስትመረምር ነው የድሮዎቹን ጥናቶች ያገኘቻቸው። በ2020 ክረምት ላይ ጻፈችው። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሐኪሞች አንብበው የራሳቸውን ሆስፒታል መዝገብ ከፈቱ። መለኪያዋ ከ92 እስከ 96 ስትል፣ በዚያው ሰዓት የተወሰደው ደም ግን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘበትን ቆጠሩ። ነጭ ታካሚዎች ላይ 3.6 በመቶ ነበር። ጥቁር ታካሚዎች ላይ 11.7 በመቶ። በሌሎች ብዙ ሆስፒታሎች ጽኑ ሕሙማን መዝገብ ላይ ሲያዩት ደግሞ 6.2 እና 17.0። ሦስት እጥፍ አካባቢ መሆኑ ነው። በታኅሣሥ 2020 ታተመ፣ በየካቲት 2021 ኤፍዲኤ ማስጠንቀቂያ አወጣ።

«ታዲያ ጥቂት ነጥብ ልዩነት ምን ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። ሕክምና ውስጥ ቁጥር በር ነው። ከዚህ በታች ከሆንክ ትተኛለህ፣ ከዚህ በላይ ከሆንክ ወደ ቤትህ። ከዚህ በታች ከሆንሽ መድኃኒቱ ይጀመርልሻል፣ ከዚህ በላይ ከሆንሽ ነገ እናያለን። በ2022 የወጣ ጥናት የኮቪድ ታካሚዎችን መዝገብ አይቶ፣ መለኪያዋ ስላጋነነች ጥቁርና ሂስፓኒክ (ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ) ታካሚዎች ሕክምና ይገባቸው እንደነበር ሳይታወቅ የቀረበት ወይም የዘገየበት ሁኔታ ከነጮቹ የበዛ መሆኑን አሳይቷል። ማንም ሰው ክፉ አላሰበም። ሐኪሙ መመሪያውን ተከተለ፣ መመሪያው ቁጥሩን ተከተለ፣ ቁጥሩ ከሰንጠረዡ መጣ። ሰንጠረዡ ውስጥ ያልነበረው ሰው ግን ወረፋው መጨረሻ ላይ ቀረ።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አክስቴ የሳንባ ምች ይዟት ተኝታ ነበር። ጣቷ ላይ ያለው መለኪያ 93 ይላል። እሷ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቅቷታል፤ ሁለት ቃል ትልና አየር ትስባለች። «እማማ፣ ኦክስጅንዎ እኮ ጥሩ ነው፣ ይረጋጉ» አለቻት ተረኛዋ ነርስ፣ በጥሩ አንደበት። «ልጄ... አየር... አጠረኝ» አለች አክስቴ። ነርሷ ስክሪኑን እንደገና አየች፣ 93 ነው፣ ጻፈችና ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች። ቆይቶ አንድ ሐኪም መጣ። እሱም መጀመሪያ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ትቶት ደረቷን አየ፣ ስትተነፍስ የአንገቷ ሥር ወደ ውስጥ እንደሚሰረጉድ አየ፣ ሰዓቱን ይዞ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትተነፍስ ቆጠረ። «እማማ፣ ከእጅዎ ትንሽ ደም ልውሰድ፣ ይቆጠቁጣል» ብሎ ከእጅ አንጓዋ ከደም ቅዳ ቀዳ። ውጤቱ 86 ነበር። ወዲያው ኦክስጅን ተደረገላት፣ ከቀናት በኋላም ተሽሏት ወጣች። ነርሷን አልወቅስም። ያስተማሯት ቁጥሩን እንድታምን ነው። ሐኪሙ ግን ቁጥሩ ከሰውየው ጋር ሲጣላ ሰውየውን ማመን ያውቅ ነበር፣ ይህ ዕድል ለሁሉም አልጋ አይደርስም። ደም ቅዳ ላይ የሚደረገው ምርመራ የሚያስፈልገው መሣሪያም በየቦታው የለም።

እዚህ ላይ ሌላው የነገሩ ገጽ ይመጣል። በ2010 የታተመ ግምት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ77 ሺህ በላይ የቀዶ ጥገና ክፍሎች ይህቺ መለኪያ እንኳ አልነበራቸውም፣ አብዛኞቹም ድሃ አገሮች ውስጥ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ባወጣው የቀዶ ጥገና ደኅንነት ዝርዝር ውስጥ መለኪያዋ ታካሚው ላይ መደረጓና መሥራቷ ከሚረጋገጡት አንዱ ነው፤ ዝርዝሩ ኖሮ ዕቃው የሌለበት ቦታ ብዙ ነበር። ላይፍቦክስ የሚባለው ድርጅት በ2011 የተቋቋመው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። እና አስቡት፣ መለኪያዋ ዘግይታ ከደረሰቻቸው ሰዎች አብዛኞቹ፣ ስትደርስ ደግሞ በትክክል የማታነብላቸው ሰዎች ናቸው። ስለ ጤና አገልግሎት እኩልነት ሲወራ ሁሌ ስለ ሐኪም ቁጥርና ስለ ሆስፒታል ርቀት ነው የምንሰማው። እነሱ እውነት ናቸው፣ ትልልቅም ናቸው። ግን ሆስፒታሉ በር ላይ ደርሰህ፣ አልጋ ይዘህ፣ ሐኪም አግኝተህ፣ ጣትህ ላይ ያለችው ዕቃ ስለ አንተ የተሳሳተ ነገር ስትናገርስ? ይህን ማንም አይቆጥረውም፣ ምክንያቱም መዝገቡ ላይ የሚቀረው 93 ነው።

ደግሞ ይህች ብቻ አይደለችም። የኩላሊትን አቅም የሚገምተው ቀመር ለብዙ ዓመታት ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን ከፍ የሚያደርግ ማባዣ ነበረው፤ በ2009ኙ ቀመር 1.159 ነበር። ኩላሊቱ እኩል የተጎዳ ጥቁር ሰው በወረቀት ላይ የተሻለ ጤነኛ ሆኖ ይታያል፣ ለንቅለ ተከላ ወረፋ የሚያዝለትም ዘግይቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2021 ነው ማባዣው እንዲወጣ የኩላሊት ሐኪሞቹ ማኅበራት የተስማሙት። በ2019 ደግሞ ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልጋቸውን ታካሚዎች የሚመርጥ አንድ የኮምፒውተር ቀመር ተመርምሮ፣ የሕመምን ክብደት በወጪ እንደሚለካ ታወቀ። ቀድሞም ያልታከመ ሰው ወጪው ትንሽ ነው፤ ቀመሩ ጤነኛ ነው ብሎ አለፈው። ሁሉም አንድ ዓይነት በሽታ ነው።

አሁን ወደ ዕቃዋ ልመለስ። ይህን ሁሉ ብዬም ቤት ውስጥ አለች፣ አልጣልኳትም፣ እጠቀምባታለሁ። እንዴት እንደምጠቀምባት ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ነገር፣ ደህና ሆናችሁ ሳለ ለኩ። የቤቱ ሰው ሁሉ የየራሱን የጤነኛ ቀን ቁጥር ይወቅ፣ ይጻፈው። ከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ቁጥሩ ከባሕር ወለል አጠገብ ካለው ዝቅ ይላል፣ የቆየ የሳንባ በሽታ ያለበትም የራሱ የተለመደ ቁጥር አለው። ስትታመሙ የምታስተያዩት ከዚያ ከራሳችሁ ቁጥር ጋር ነው። ሁልጊዜ 97 የነበረ ሰው 93 ቢሆን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፣ መመሪያው 93ን ምንም ቢለው። ማጋነኗ እንኳ ቢኖር ቁልቁል የሚሄድን ነገር አብዛኛውን ጊዜ ታሳያለች፤ ኤፍዲኤም ከአንድ ቁጥር ይልቅ አዝማሚያውን ተከታተሉ ነው የሚለው።

ስትለኩ እጃችሁ ይሙቅ፣ የጥፍር ቀለም ይውጣ፣ ቁጭ በሉ፣ እጃችሁን አሳርፉ፣ ዝም በሉ። መጀመሪያ የሚወጣውን ቁጥር አትጻፉ፤ እስኪረጋ ጠብቁ። ዘንጓ እየተቆራረጠች ከሆነ ወይም የልብ ምቱ ከራሳችሁ ምት ጋር ካልገጠመ ሌላ ጣት ሞክሩ። የጀነሬተር ወይም የእሳት ጭስ ባለበት ክፍል የተዘጋበት ሰው ላይ ግን ፈጽሞ አትመኗት። ከጭሱ የሚመጣውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደያዘ አድርጋ ነው የምታነበው፤ ሰውየው እየሞተ 99 ልትል ትችላለች። ይህ የቆዳ ቀለም አይለይም።

ሰውነትን ማየትም ተማሩ፣ ይህ ከዕቃዋ የበለጠ ጠቅሞኛል። «ከንፈሩ ሰማያዊ ከሆነ» የሚለው ምክር የተጻፈው ለነጣ ቆዳ ነው። ጠቆር ያለ ሰው ላይ ኦክስጅን ሲያንስ ከንፈር ግራጫ ወይም አመድማ ሊመስል ይችላል፣ ጭራሽ ላይታይም ይችላል። የአፍ ውስጥን፣ ድድን፣ ምላስን፣ የዓይን ቆብ ውስጡን፣ ጥፍር ሥርን እዩ፣ በጥሩ ብርሃን። ትንፋሽ ቁጠሩ። ሰውየው በአንድ ትንፋሽ ዓረፍተ ነገር ይጨርሳል? ግራ ተጋብቷል? እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል? ይህ ካለ ስክሪኑ ምንም ይበል፣ ወደ ሕክምና ሂዱ። ሄዳችሁም በትሕትና ግን ፊት ለፊት ተናገሩ፦ «ዶክተር፣ ይህች መለኪያ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ከፍ አድርጋ ልታሳይ እንደምትችል እናውቃለን፣ ከደም ቅዳ ደም ቢመረመር?» ቤተሰቤ ውስጥ ይህን ዓረፍተ ነገር ሁሉም እንዲያውቀው አድርጌያለሁ። የሚቆጣ ሐኪም እስካሁን አልገጠመንም።

የሚሻሻል ነገር አለ ወይ? አለ፣ በዝግታ ነው እንጂ። እንግሊዝ አገር በማርጋሬት ኋይትሄድ የተመራው ገለልተኛ ግምገማ በመጋቢት 2024 ታትሞ መለኪያዋ ላይ ያለውን አድልዎ በግልጽ አምኗል። ኤፍዲኤ በጥር 2025 ባወጣው ረቂቅ መመሪያ ላይ ለሕክምና የሚውሉት መለኪያዎች የሚሞከሩባቸው ሰዎች ቢያንስ 150 እንዲሆኑ፣ የቆዳ ቀለማቸውም በዓይን ግምት ብቻ ሳይሆን በመሣሪያ ጭምር እንዲለካ ሐሳብ አቅርቧል። በዓይን ለሚደረገው ደግሞ ኤሊስ መንክ የተባለ የሶሺዮሎጂ ምሁር ያዘጋጀውን ባለ 10 ደረጃ የቆዳ ቀለም መለኪያ እንዲጠቀሙ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እስከዛሬ ብዙ ቦታ የሚሠራበት ባለ 6 ደረጃው የፊትዝፓትሪክ መለኪያ በ1975 ሲጀመር ቆዳ በፀሐይ እንዴት እንደሚቃጠል ለመለየት ነበር፤ ጥቁሩን ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ባሉት ጥቂት ደረጃዎች ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። የመንክ ግን ጠቆር ያሉትን ሰፋ አድርጎ ይለያቸዋል። ከ10 ሰው ወደ 150 መሄድ ብዙ ነው። ግን ረቂቅ ነው፣ አስገዳጅ ሕግ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡትን ለስፖርት የሚባሉትንም አይነካም። በየሆስፒታሉ አልጋ ላይ ያሉት አሮጌዎቹም ገና ለዓመታት እዚያው ናቸው።

እንግዲህ ደረጃ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለአሠራሯ፣ ለባትሪዋ፣ ለስክሪኗ፣ ለምቾቷ አራት ኮከብ በደስታ እሰጣለሁ። በአጠቃላይ ግን ሦስት ነው የምሰጣት። አስም፣ የቆየ የሳንባ በሽታ ወይም የልብ ድካም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግዙ፣ የጤነኛ ቀን ቁጥራችሁንም ዛሬውኑ ጻፉ። ሁሉም ጤነኛ ሆኖ ለጉጉት ብቻ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ያዙ። የሰዓት ላይዋን ለሕመም ውሳኔ አትጠቀሙባት።

ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ፣ በጽሑፍ። ስንት ሰው ላይ ተሞከረች? ከነሱ ውስጥ ቆዳቸው የጠቆረ ስንት ነበሩ፣ በነሱ ላይ ለብቻው ስህተቷ ስንት ወጣ? እኔ ጠይቄ «ትክክለኛነቷ 2 በመቶ ነው» የሚል መልስ ነው ያገኘሁት፣ ያው ወረቀቱ ላይ ያለው። የቀነስኩት ኮከብ የሚመለሰው ያ ጥያቄ በቁጥር ሲመለስና መመሪያው ላይ ከጥፍር ቀለም አጠገብ ስለ ቆዳ ቀለም አንድ መስመር ሲጨመር ነው።